የማይፈታው ብዜት፤ የነጋዴው ገንዘብ ዘበኛ

ከአንበሳሜ፤ በአንድ የነጋዴ ጸሐፊ

ንግድ ያለ ቁጥር እንደማይቆም ለነጋዴ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ሚዛኑ፣ ቁናው፣ ኩንታሉ፣ ዋጋውና ዱቤው ሁሉ የሚታወቀው በቁጥር ነው። ነገር ግን ቁጥር ገንዘባችንን የምንቆጥርበት መሣሪያ ብቻ ሳይሆን፣ ዛሬ ገንዘባችንን የምንቆልፍበት ጓጉንቸር ጭምር መሆኑን ያስተዋለ ብዙ አይደለም። ይህ ጓጉንቸር የተሠራው ከአንድ እጅግ ታላቅ ቁጥር ነው። የቁጥሩን ጠባይ ያወቀ ነጋዴ የትኛውን በር መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል፤ ያላወቀ ግን የተቆለፈውን በር ሲጠብቅ በተከፈተው ይዘረፋል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ስለሆነ አስቀድሜ ልናዘዝ። እኔ በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳ፣ በአንበሳሜ ከተማ የአንድ የእህል ነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። አሠሪዬ ጤፍ፣ ኑግና የፎገራ ሩዝ እየገዙ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ሌሎች ከተሞች ይልካሉ፤ እኔም መዝገቡን እይዛለሁ፣ ደረሰኙን እጽፋለሁ፣ ከባንክ ጋር ያለውንም ጉዳይ በስልክ እፈጽማለሁ። አንድ የገበያ ቀን፣ ሰው በሚዛኑ ዙሪያ በተጨናነቀበት ሰዓት፣ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ በጨዋ አነጋገር ሰላምታ ሰጥቶ «ከባንክ ነው የምደውለው፤ ሒሳባችሁ ሊታገድ ስለሆነ አሁን በአጭር መልእክት የሚደርስዎትን ስድስት አኃዝ ያንብቡልኝ» አለኝ። አነበብሁለት። ሚዛኑ ላይ የነበረው ጆንያ ሳይወርድ ከ40,000 ብር በላይ ከሒሳቡ ወጥቶ ነበር።

አሠሪዬ አልተቆጡም። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ሌባው ቁልፉን ሰበረው ወይስ አንተ ከፈትህለት?» ብለው ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ እንጃ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። በመዝገብ ሥራ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው የሚጠቀምበት ቁልፍ እንዴት እንደሚሠራ አለማወቁ ከገንዘቡ መጥፋት ይልቅ አሳፈረኝ። ስለዚህም ነገሩን ለመመርመር ተነሣሁ፤ ያገኘሁትንም እነሆ ለነጋዴ ወንድሞቼና እኅቶቼ አቀርባለሁ።

ብቸኛ ቁጥርና ስብጥር ቁጥር

ከ1 በላይ ያለ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ከሁለት ወገን በአንዱ ይመደባል። ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለው ብቸኛ ቁጥር ይባላል፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17 እና 19 ምሳሌዎቹ ናቸው። ከብቸኛ ቁጥሮች ብዜት የተሠራውን ደግሞ በዚህ ጽሑፍ ስብጥር ቁጥር እንለዋለን። 12 ማለት 2 በ2 በ3 ተባዝቶ የተገኘ ነው፤ 100 ደግሞ 2 በ2 በ5 በ5 ነው። ነጋዴ ሸቀጡን በደርዘን መቁጠር የሚወደው 12 ለሁለትም፣ ለሦስትም፣ ለአራትም፣ ለስድስትም ያለ ጣጣ ስለሚከፈል ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ታላቅ ሕግ አለ። እያንዳንዱ ስብጥር ቁጥር የሚፈታበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። 12ን ማንም ሰው በየትም አገር ቢፈታው ሁለት ባለ 2 እና አንድ ባለ 3 ያገኛል እንጂ 5 ወይም 7 አያገኝም። ሰው አንድ የትውልድ ሐረግ ብቻ እንዳለው፣ ቁጥርም ከብቸኛ ቁጥሮች የሚወለድበት ሐረግ አንድ ብቻ ነው።

የየኔታ 532

ከደንበኞቻችን መካከል አንድ የባሕረ ሐሳብ መምህር አሉ። አገራችን ደቡብ ጎንደር የጉባኤ ቤት አገር እንደሆነ የታወቀ ነው፤ በጋይንት በኩል ያሉት ቤተልሔም በድጓው፣ ዙር አባ በዝማሬ መዋሥዕቱ የተመሰከረላቸው ናቸው። እኒህ መምህር ሩዝ ሊገዙ በመጡበት ቀን ስለ ቁጥር መፍታት ስጠይቃቸው ፈገግ ብለው «ይህማ የእኛ ሥራ ነው፤ 532ን ፍታው» አሉኝ። በወረቀት ላይ 4 በ7 በ19 አድርጌ ፈታሁት። «እንግዲህ የኔታ፣ ይህ ምን ይጠቅማል?» ብላቸው፣ የሰጡኝ መልስ የነገሩን ሁሉ ቁልፍ አስጨበጠኝ።

የሳምንቱ ዕለታት 7 ናቸው፤ ጳጉሜን 6 የምትሆነው በየ4 ዓመቱ ነው፤ ስለዚህ ዕለትና ቀን በ28 ዓመት ይገጥማሉ፤ ይህም ዐውደ ፀሐይ ይባላል። የጨረቃ ሒሳብ ደግሞ በ19 ዓመት ይመለሳል፤ ይህ ንዑስ ቀመር ነው። 4ን በ19 ብናበዛ 76 ይሆናል፤ ይህ ማዕከላዊ ቀመር ነው። 76ን በ7 ብናበዛ 532 ይሆናል፤ ይህም ዐቢይ ቀመር ነው። 4፣ 7 እና 19 የሚጋሩት አካፋይ ስለሌላቸው ሦስቱ ዑደቶች በአንድ ላይ ወደ መነሻቸው የሚመለሱት ከ532 ዓመት በፊት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ውሎ ነበር፤ በዚሁ ቀመር ከ532 ዓመት በፊት በ1485 ዓ.ም. የዋለው በዚያው በሚያዝያ 12 ነው፤ በ2549 ዓ.ም.ም እንደዚሁ ይውላል።

ሊቃውንቱ ታላቁን ቁጥር በአንድነት አይሸከሙትም፤ ክፍሎቹን ይዘው ይገዙታል። ለ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 5500 ሲጨመርበት 7517 ይሆናል። ይህን በ19 ሲገድፉት 12 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ሲተዉ ወንበሩ 11 ይሆናል። 11 በ11 ተባዝቶ 121፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1 ነው፤ 11 በ19 ተባዝቶ 209፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ነው። የ532 ጥቅሙ ክፍሎቹ ለሁሉ የተገለጡ መሆናቸው ነው።

ገንዘባችንን የሚጠብቀው ቁጥር ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እርሱ የሚጠቅመው ክፍሎቹ እስከተሰወሩ ድረስ ብቻ ነው።

ማብዛት ቀላል፣ መፍታት ከባድ

ስብጥር ቁጥር እንዴት ምሥጢር ይሰውራል ቢባል፣ መልሱን በሱቃችሁ ውስጥ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። ለአንድ ተማሪ ልጅ 89ን በ97 አብዛ በሉት፤ ብዙም ሳይቆይ 8633 ብሎ ይመልሳል። ለሌላው ልጅ ደግሞ 8633 ከምንና ከምን ተባዝቶ ተገኘ ብላችሁ ስጡት። ይህኛው በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7 እያለ ብቸኛ ቁጥሮችን በየተራ ሊሞክር ነው፤ መልሱን የሚያገኘው ሃያ አራተኛው ብቸኛ ቁጥር ማለት 89 ላይ ሲደርስ ነው። የመጀመሪያው ልጅ አንድ ጊዜ አበዛ፤ ሁለተኛው 24 ጊዜ አካፈለ። ቁጥሩ በረዘመ መጠን የሁለቱ ልጆች ልዩነት ያለ ልክ ይሰፋል።

በዚህ ረገድ በሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። 2ን 67 ጊዜ እርስ በርሱ አብዝተን ከውጤቱ 1 ስንቀንስ 147,573,952,589,676,412,927 እናገኛለን። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሰን በ1644 እ.ኤ.አ. ይህን ቁጥር ከብቸኛ ቁጥሮች ጋር ቆጥሮት ነበር። በ1876 እ.ኤ.አ. ኤድዋር ሉካስ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጠ፤ ነገር ግን አካፋዮቹን አላገኛቸውም። ከ27 ዓመት በኋላ በ1903 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል በኒው ዮርክ በተደረገ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ወደ ሰሌዳው ቀረበ። እንደሚነገረው አንድም ቃል ሳይተነፍስ 193,707,721 በ761,838,257,287 አብዝቶ ያንኑ ቁጥር አወጣና ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ ጉባኤውም በጭብጨባ ተቀበለው። ይህን ለማግኘት የፈጀበት የሦስት ዓመት እሑዶች እንደነበሩም ይተረካል። ለማብዛት ግን ያን ዕለት የፈጀበት ከአንድ ሰሌዳ አላለፈም።

መዝገብ የሚይዝ ሰው የኮልን ሥራ በከፊል ሊያመሳክረው ይችላል። ቀድሞ በእጅ ሲደመር ስሕተትን ለማግኘት ዘጠኝን እየጣሉ ማመሳከር የታወቀ ዘዴ ነበር። የመጀመሪያው አካፋይ አኃዞች ተደምረው 37፣ እንደገና ተደምረው 10፣ በመጨረሻ 1 ይሆናሉ። የሁለተኛው 64፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 1 ይሆናሉ። የብዜቱ አኃዞች ደግሞ 109፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 1 ናቸው። 1 በ1 ቢበዛ 1 ስለሆነ ሚዛኑ ቀጥ ብሏል። ይህ ዘዴ ስሕተትን ሊያጋልጥ ይችላል እንጂ ብቻውን ትክክለኛነትን እንደማያረጋግጥ ግን ሊዘነጋ አይገባውም።

ሳይፈቱ ማወቅ

አንባቢ «ሉካስ አካፋዮቹን ሳያገኝ ቁጥሩ ስብጥር መሆኑን እንዴት ዐወቀ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ነገሩ ጆንያውን ሳይፈቱ በመውጊያ ብቻ እህሉ ድብልቅ መሆኑን እንደማወቅ ያለ ነው። ሉካስ የተጠቀመበት ፈተና ረቂቅ ነው፤ ነገር ግን ፒየር ደ ፌርማ በ1640 እ.ኤ.አ. ያስታወቀው ቀለል ያለ ሕግ መንገዱን ያሳያል። ሕጉም ከ2 በላይ የሆነ ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ሲወሰድ፣ 2 ከዚያ ቁጥር በአንድ ላነሰ ጊዜ እርስ በርሱ በዝቶ በዚያው ቁጥር ሲካፈል ቀሪው ዘወትር 1 ነው የሚል ነው። ለ7 ብንሞክረው 2 ስድስት ጊዜ በዝቶ 64 ይሆናል፤ 64 በ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል።

አሁን 91ን እንፈትን። 2ን 90 ጊዜ ማብዛት የሚያደክም ቢመስልም አቋራጭ አለው። 2 አሥራ ሁለት ጊዜ በዝቶ 4096 ነው፤ ይህም በ91 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ስለዚህ በየ12 ርምጃ ወደ 1 እንመለሳለን። በ90 ውስጥ 12 ሰባት ጊዜ ገብቶ 6 ይቀራል፤ የመጨረሻው ቀሪ 2 ስድስት ጊዜ የበዛበት 64 ይሆናል ማለት ነው። ቀሪው 1 ስላልሆነ 91 ብቸኛ አይደለም፤ አካፋዮቹን ግን አሁንም አላየናቸውም። በኋላ ስንፈታው 7 በ13 ሆኖ እናገኘዋለን። ይህ ምስክር አልፎ አልፎ በሐሰት ይመሰክራል፤ 341 የ11 እና የ31 ብዜት ሆኖ ሳለ ፈተናውን ያልፋል። በዚህ ምክንያት ዛሬ የሚሠራባቸው ፈተናዎች ከዚህ የጠበቁ ናቸው።

ከዚህ የምንማረው ስብጥር መሆኑን ማወቅና ክፍሎቹን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ነው። የዛሬው ጓጉንቸር የቆመው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ገደል ላይ ነው።

ጓጉንቸሩ እንዴት ይሠራል

ጓጉንቸር ለመቆለፍ ቁልፍ አያስፈልገውም፤ ለመክፈት ግን ያስፈልገዋል። በ1977 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሮናልድ ሪቨስት፣ አዲ ሻሚርና ሌናርድ አድልማን የተባሉ ሦስት ሊቃውንት ይህንኑ ጠባይ በቁጥር ሠሩት። ዘዴው በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት አር ኤስ ኤ ይባላል። በዓለም ላይ ባሉ ብዙ ድረ ገጾችና በብዙ የባንክ ካርዶች ላይ በተለጠፈችው ቺፕ ውስጥ የሚሠራው ይኸው ነው። የመልእክቱን ምሥጢር ከመጠበቁም በላይ፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለው በእርግጥ ባንኩ መሆኑን ያረጋግጣል። በሌላ የሒሳብ መሠረት ላይ የቆሙ ጓጉንቸሮችም አሉ፤ የሁሉም ሐሳብ ግን ለመሥራት የቀለለ፣ ለመፍታት የከበደ ነገር መፈለግ ነው።

በትንሽ ቁጥር እንየው። የሱቁ ባለቤት 3ን በ11 አብዝቶ 33 ያገኛል። 33ን እና መቆለፊያውን 3ን ለሰው ሁሉ ያስታውቃል። ደንበኛው 4 የሚለውን ቁጥር በምሥጢር ሊልክ ቢፈልግ 4ን ሦስት ጊዜ አብዝቶ 64 ያገኛል፤ 33 ሲነሣለት 31 ይቀራል፤ 31ን ይልካል። በመንገድ ላይ ያየው ሰው 31ን እንጂ 4ን አያይም። ባለሱቁ መክፈቻ ቁልፉ 7 ነው፤ 31ን ሰባት ጊዜ ሲያበዛው 27,512,614,111 ይሆናል፤ ይህም በ33 ሲካፈል ቀሪው 4 ነው። ምሥጢሩ ተመለሰ።

7 ከየት መጣ? ከ3 አንድ ሲቀነስ 2፣ ከ11 አንድ ሲቀነስ 10፤ 2 በ10 ሲበዛ 20 ነው። መቆለፊያው 3 በ7 ሲበዛ 21 ስለሚሆን፣ 20 ሲነሣለት 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ መክፈቻው 7 ሆነ። እንግዲህ 33ን ወደ 3 እና 11 የፈታ ሁሉ 7ን ያገኛል። 33ን ልጅም ይፈታዋል። ቁጥሩ በመቶ የሚቆጠሩ አኃዞች ሲኖሩት ግን ማን ይፈታዋል?

የ129 አኃዙ ቁጥር

ሦስቱ ሊቃውንት በነሐሴ 1977 እ.ኤ.አ. «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» በተባለው መጽሔት በማርቲን ጋርድነር ዓምድ ላይ የሚከተለውን ቁጥር አወጡ፤ ለሚፈታውም 100 ዶላር ወሮታ አቆሙ።

1143816257 5788886766 9235779976 1466120102 1829672124 2362562561 8429357069 3524573389 7830597123 5639587050 5898907514 7599290026 879543541

መጨረሻው 1 ስለሆነ በ2ም በ5ም አይካፈልም። አኃዞቹን በእርሳስ ደምሬ 620 አገኘሁ፤ 620 በ3 ሲካፈል ቀሪ ስላለው ቁጥሩ በ3 አይካፈልም። የእኔና የእርሳሴ አቅም እዚህ ላይ አበቃ። ትንሹ አካፋይ 64 አኃዝ ያለው ነው። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ቁጥር የሚሞክር መኪና በየተራ ልሞክር ቢል የሚፈጅበት ዘመን፣ ከ1 ቀጥሎ 46 ዜሮ ከተጻፈበት የዓመት ቁጥር ይበልጣል።

ይሁን እንጂ ብልኅ ሰው በር ሲዘጋበት በመስኮት ይሞክራል። ሊቃውንቱ በየተራ ማካፈሉን ትተው፣ የሚጠቅሙትን ቁጥሮች ከማይጠቅሙት የሚያበጥር ዘዴ ፈጠሩ፤ ስሙንም እንደ እኛ ሙያ ወንፊት ብለው ጠሩት። በኢንተርኔት የተገናኙ 600 ያህል በጎ ፈቃደኞች በ1600 ያህል መኪናዎች ለስምንት ወር ያህል ሠርተው በሚያዝያ 1994 እ.ኤ.አ. ቁጥሩን ለባለ 64ና ለባለ 65 አኃዝ ቁጥሮች ፈቱት። በጓጉንቸሩ ውስጥ ተቆልፎ የነበረው መልእክት ስለ አንድ አጥንት ሰባሪ አሞራ የሚናገር ቧልት ሆኖ ተገኘ፤ ይህ አሞራ በእኛም ደጋ ሰማይ ላይ የሚያንዣብበው ነው።

ታዲያ ጓጉንቸሩ ወደቀ ማለት ነውን? አይደለም፤ ቁጥሩን ማስረዘም በቂ ሆነ። በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች 250 አኃዝ ያለውን ሌላ ቁጥር ፈቱ፤ የፈጀባቸው የአንድ ኮምፒዩተር ልብ ብቻውን ቢሠራ 2700 ዓመት ያህል የሚወስደውን ድካም ነው። ዛሬ በተለመደው ጓጉንቸር ውስጥ ያለው ቁጥር 617 አኃዝ ያህል አለው። ከዚህ ርዝመት የሆነው የውድድሩ ቁጥር 200,000 ዶላር ቢመደብለትም ውድድሩ በ2007 እ.ኤ.አ. እስኪዘጋ ድረስ የፈታው አልተገኘም፤ ከዚያም በኋላ አልተፈታም።

ከዚህ ላይ እውነቱን ሙሉ በሙሉ መናገር ይገባል። ፈጣን መፍቻ ጨርሶ የለም ብሎ በማስረጃ ያረጋገጠ ሊቅ የለም። እንዲያውም በ1994 እ.ኤ.አ. ፒተር ሾር ኳንተም በሚባል አዲስ ዓይነት ኮምፒዩተር እንዲህ ያለውን ቁጥር በፍጥነት መፍታት እንደሚቻል በሒሳብ አሳየ። ለዚህ የሚበቃ መኪና ገና ባይሠራም፣ የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. በሌላ ሒሳብ ላይ የተመሠረቱ የአዳዲስ ጓጉንቸሮች ደረጃዎችን አውጥቷል። ልባም ነጋዴ ጎተራው ሳያፈስ ክዳኑን እንደሚያድስ ማለት ነው።

ቁልፍ ሠሪው ሲዘናጋ

ታላቅ ቁጥር መያዝ ብቻውንም አይበቃም። በ2012 እ.ኤ.አ. ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች በኢንተርኔት ላይ ያሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጓጉንቸሮችን መርምረው፣ ከእነርሱ ጥቂቶቹ በአሠራር ጉድለት ምክንያት ከሌላው ጋር አንድ ብቸኛ ቁጥር የሚጋሩ ሆነው አገኟቸው። ይህ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ 143ን እና 91ን ወስደን እንመልከት። ማንኛቸውንም ለመፍታት ሳንደክም ትንሹን ከትልቁ እንቀንስ። 143 ሲቀነስ 91፣ 52 ይቀራል፤ 91 ሲቀነስ 52፣ 39 ይቀራል፤ 52 ሲቀነስ 39፣ 13 ይቀራል፤ 39 ደግሞ በ13 ያለ ቀሪ ይካፈላል። እንግዲህ 13 የሁለቱም አካፋይ ነው፤ ሁለቱም ጓጉንቸሮች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። ይህ የመቀናነስ ዘዴ ከ2000 ዓመት በፊት በኤውክሊድ መጽሐፍ የተጻፈ ሲሆን፣ ቁጥሮቹ የቱንም ያህል ቢረዝሙ ለኮምፒዩተር ቀላል ነው። የሚጠብቀን የቁጥሩ ርዝመት ብቻ ሳይሆን የሠሪው ጥንቃቄም ጭምር እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ነጋዴው ምን ያድርግ

ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ካስጀመረ ወዲህ፣ ባንኮቻችንም በበኩላቸው የስልክ አገልግሎታቸውን ካስፋፉ ወዲህ፣ በገጠር ገበያ እንኳ ገንዘብ በጆንያ ሳይሆን በአየር መሄድ ጀምሯል። ይህ ነጋዴውን ከመንገድ ሽፍታ አድኖታል። በምትኩ ግን በቃል የሚያታልል ሌባ መጣበት። የኔን ጥፋት እያስታወሳችሁ የሚከተሉትን ምክሮች እንድትቀበሉኝ እለምናለሁ።

1ኛ፤ የምሥጢር ቁጥርንና በአጭር መልእክት የሚመጣን ማረጋገጫ ለማንም አለመንገር። ባንክ ይህን በስልክ አይጠይቅም። የሚጠይቅ ቢኖር ስሙና ማዕረጉ የቱንም ያህል ቢያምር ሌባ ነው።

2ኛ፤ የተጠራጠሩ እንደሆነ ስልኩን ዘግቶ፣ ራስ በሚያውቁት የባንኩ ቁጥር መልሶ መደወል ወይም ወደ ቅርንጫፉ በአካል መሄድ። ገንዘብ ከወጣም ሳይውሉ ሳያድሩ ማመልከት።

3ኛ፤ የባንክን መተግበሪያ ሰው ከላከው ማስፈንጠሪያ አለማውረድ፤ ስልኩንና መተግበሪያውን በየጊዜው ማደስ። የቁልፍ ሠሪ ስሕተት የሚታረመው በዚህ እድሳት ነው።

4ኛ፤ በኮከብ ምልክት ተጀምሮ በመሰላል ምልክት የሚያልቀው አጭር ቁጥር የሚጓዘው በስልኩ መረብ በራሱ ጥበቃ እንጂ ከላይ በተገለጸው ጓጉንቸር ታሽጎ እንዳልሆነ ማወቅ። የምሥጢር ቁጥሩን ሲመቱ አጠገብ ያለ ዓይንም መጠበቅ አለበት።

5ኛ፤ በአንድ መደብር ውስጥ ገንዘብ የማዘዝና የማጽደቅ ሥልጣንን በአንድ ሰው እጅ አለማኖር። ይህን ትምህርት የሰጠን ራሱ ስብጥር ቁጥሩ ነው፤ ጓጉንቸሩ የተሠራው ከሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ነውና፣ የመደብሩም ቁልፍ በሁለት ሰዎች መካከል ቢከፈል ይጸናል።

እኛ ዘንድ ይህ ሥራ ላይ ውሏል። ዛሬ ክፍያውን እኔ በመዝገብ አዘጋጃለሁ፤ የምሥጢር ቁጥሩን ግን አሠሪዬ ብቻ ያውቁታል፤ ማረጋገጫውም የሚመጣው በእርሳቸው ስልክ ነው። የጠፋው ገንዘብ አልተመለሰም። ከደመወዜ በየወሩ ይቀነስ ብዬ ራሴ ጠይቄ ነበር፤ አሠሪዬ ግን ግማሹን እኔ እችላለሁ ብለው ግማሹን ብቻ ተቀበሉኝ።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት አንብቤላቸው ነበር። ያን ዕለት የጠየቁኝን ጥያቄ አስታውሼ «ጋሼ፣ አሁን መልሱን ዐውቄዋለሁ። ሌባው ጓጉንቸሩን አልነካውም፤ ቢነካውም የሚሰብርበት ዕድሜ አይበቃውም ነበር። የከፈትሁለት እኔ ነኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም ሚዛኑን ወደ ዜሮ እየመለሱ «እንግዲያስ ይህን ለሌላው ነጋዴ ጻፍለት፤ ለእኛ የከፈልንበት ለእርሱ በነጻ ይድረሰው» አሉኝ። እኔም እንደታዘዝሁት ጻፍሁ።